ሰይፉ ከወገብ ከወረደ በኋላ፦ የማርሻል አርት ሥነ ምግባር ለዛሬ ሰው ምኑ ነው?

ጊዜው ጥቅምት 1964 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ቦታው ቶኪዮ። አበበ ቢቂላ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ ካጠለቀ ገና ሁለት ቀኑ ነው። በዚያው ከተማ፣ ኒፖን ቡዶካን በሚባለው አዳራሽ፣ ጃፓኖች ትንፋሻቸውን ውጠው ተቀምጠዋል። ጁዶ የኦሊምፒክ ስፖርት የሆነው በዚሁ ውድድር ነው። ከአራቱ ወርቆች ሦስቱን ጃፓን ወስዳለች። የቀረው የክብደት ገደብ የሌለበት ፍልሚያ ነው። ለጃፓኖች ከሁሉም የሚበልጠውም እሱ ነበር።

አኪዮ ካሚናጋ ከሆላንዱ አንቶን ኼሲንክ ጋር ገጠመ። ኼሲንክ ቁመቱ ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ግዙፍ ሰው ነው። ዘጠኝ ደቂቃ ገደማ ታገሉ። በመጨረሻ ኼሲንክ ካሚናጋን ምንጣፉ ላይ አጋድሞ ያዘው። ካሚናጋ ሊነሳ አልቻለም። አለቀ።

የሆላንድ ደጋፊዎች ደስታው አቅላቸውን አሳታቸውና ወደ ምንጣፉ ሮጡ። ኼሲንክ ግን እጁን ዘርግቶ አስቆማቸው። "ባላችሁበት!" እንደማለት። ከዚያ ለተሸነፈው ሰው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። አዳራሹ ውስጥ ብዙ ጃፓናውያን አለቀሱ።

ከድሉ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚወራው ያ የተዘረጋ እጅ ነው። እኔም ስለ እሱ ነው ማውራት የፈለግሁት።

"ማርሻል አርት ሥነ ምግባር ነው" ሲባል ያልሰማ የለም። ወላጅ ልጁን ቴኳንዶ ሲያስመዘግብ "ጨዋ እንዲሆንልኝ" ይላል። ስልካችን ላይ ደግሞ ሰይፍ ከታጠቀ ሳሙራይ (የድሮ ጃፓን ተዋጊ) ምስል ጋር "ሰባቱ የቡሺዶ ሕጎች" የሚል ጽሑፍ ይመላለሳል። ክብር፣ ድፍረት፣ ሞት። ግን ይህ ሁሉ ከየት መጣ? ጠዋት ተሰልፎ ታክሲ የሚጠብቅ፣ ሰይፍ በእጁ ነክቶ የማያውቅ ሰውስ በዚህ ሥነ ምግባር ሊኖር ይችላል? ቀስ ብለን እንየው።

"የተዋጊ መንገድ" ሲባል ምን ማለት ነው?

ጁዶ፣ ካራቴ-ዶ፣ ኬንዶ፣ አይኪዶ፣ ቴኳንዶ። ሁሉም መጨረሻቸው ላይ "ዶ" አለች። መንገድ ማለት ናት። ቡሺዶም እንደዚያው ነው፤ "ቡሺ" ተዋጊ፣ "ዶ" መንገድ።

ከ"ዶ" በፊት በብዛት ይሠራበት የነበረው ቃል "ጁትሱ" ነው። ዘዴ፣ ሙያ ማለት ነው። ጁ-ጁትሱ ሰውን የመጣያ፣ የማነቂያና መገጣጠሚያ የማጣመሚያ ዘዴ ነው። ጁ-ዶ ግን በዚያው ዘዴ እየተለማመዱ ሰው የሚሆኑበት መንገድ ነው።

ልዩነቱን በመኪና ልመስለው። መሪ ማዞር፣ ማርሽ መቀየር፣ ዳገት ላይ ማስነሳት ዘዴ ነው። ማንም በጥቂት ወር ይማረዋል። ትራፊክ ፖሊስ በሌለበት፣ ማንም በማያይበት፣ አንዲት እናት ዜብራው ላይ ስትቆም ፍሬን መያዝ ግን ሌላ ትምህርት ነው። ያ የሚመጣው ከመንዳት ብዛት ብቻ አይደለም። ሆን ብሎ መልመድ ይጠይቃል። "ዶ" የሚባለው ይሄ ሁለተኛው ትምህርት ነው።

"ቡ" የምትለዋ ፊደልም የራሷ ታሪክ አላት። በቻይናና በጃፓን አጻጻፍ ከሁለት ምልክቶች ነው የተሠራችው። አንዱ ጦርን ያሳያል። ሌላው "ማቆም" ማለት ነው። ስለዚህ ብዙ አሠልጣኞች "የተዋጊነት ትርጉሙ ጦርን ማቆም ነው" ብለው ያስተምራሉ። የፊደል ታሪክ ያጠኑ ሰዎች ግን ሌላ ይላሉ። "ማቆም" የተባለው ምልክት ጥንት የእግር ሥዕል ነበር። የፊደሏ የመጀመሪያ ትርጉም ጦር ይዞ መዝመት ሳይሆን አይቀርም። ጦር ይዞ መዝመት የነበረው በጊዜ ብዛት ጦርን ማቆም ተብሎ ተነበበ። ይህችን ነገር ያዙልኝ። የሥነ ምግባሩም ታሪክ ልክ እንደዚህ ነው የሄደው።

ሰባቱ ሕጎች የሺህ ዓመት ዕድሜ የላቸውም እንዴ?

የላቸውም። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው።

ሳሙራዮች ለመቶዎች ዓመታት ተዋግተዋል፤ ይሄ እውነት ነው። ግን ሁሉም የሚገዙበት አንድ የተጻፈ ሕግ አልነበራቸውም። የየቤተሰቡና የየጌታው ደንብ ነበር። ጌታውን የከዳ፣ በጦርነት መሀል ወደ ጠላት የዞረ ሳሙራይም ሞልቷል።

ከ1603 እስከ 1868 ደግሞ ጃፓን በአብዛኛው ሰላም ነበረች። ከሁለት መቶ ስልሳ ዓመት በላይ ማለት ነው። ሳሙራዮች በወገባቸው ሁለት ሰይፍ ታጥቀው ግብር የሚመዘግቡ፣ ደብዳቤ የሚጽፉ፣ ደመወዛቸውን በሩዝ የሚቀበሉ የመንግሥት ሠራተኞች ሆኑ። ስለ ተዋጊ መንገድ ብዙው የተጻፈው በዚህ ጊዜ ነው። እስኪ አስቡት። ሥራህ መዋጋት ነው ተብለህ ተወልደሃል። ጦርነት ግን የለም። "ታዲያ እኔ ለምን አለሁ?" ብሎ መጠየቅ አይቀርም። የሳሙራይ መንገድ በሞት ውስጥ ነው የሚገኘው ያለው ያማሞቶ ፁኔቶሞ የኖረው በዚያ ዘመን ነው። ራሱ በሕይወቱ አንድ ጦርነት ላይ አልዋለም።

በ1876 መንግሥት ሰይፍ መታጠቅን ከለከለ። ሳሙራይ የሚባል መደብም በእነዚያ ዓመታት ከሰመ።

"ሰባቱ ሕጎች" የመጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ኢናዞ ኒቶቤ የሚባል ሰው ነበር። በ1862 ከሳሙራይ ቤተሰብ ተወለደ። ክርስቲያን ሆነ፤ አሜሪካዊት አገባ። አንድ ጊዜ የቤልጂግ ምሁር የሆነ ወዳጁ "ትምህርት ቤቶቻችሁ ሃይማኖት ካላስተማሩ ልጆቻችሁ ሥነ ምግባር ከየት ይማራሉ?" ብሎ ጠየቀው። ኒቶቤ ወዲያው መልስ አጣ። ጥያቄው ግን ከውስጡ አልወጣም። ቆይቶ አሜሪካ ሳለ መልሱን በእንግሊዝኛ ጻፈ። በ1900 ታተመ። ቅንነት፣ ድፍረት፣ ርኅራኄ፣ ትህትና፣ እውነተኝነት፣ ክብር፣ ታማኝነት እያለ በየምዕራፉ ዘረዘረ። ራስን መግዛትንም ጨመረበት። ዛሬ በስልካችን የሚያልፈው ዝርዝር ሥሩ እዚያ ነው።

መጽሐፉ የተጻፈው ለውጭ አንባቢ ነው። የሳሙራይን ነገር ከአውሮፓ ባላባቶች ወግና ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር እያነጻጸረ ያስረዳል። ኒቶቤ በኋላ የመንግሥታት ማኅበር ምክትል ዋና ጸሐፊ ሆኖ ጄኔቫ ተቀመጠ። ኢትዮጵያ በ1923 የማኅበሩ አባል ስትሆን እሱ እዚያው ሥራ ላይ ነበር።

ታዲያ ነገሩ ውሸት ነው ማለት ነው? አይመስለኝም። አዲስ መሆኑ ዋጋ አያሳጣውም። እንዲያውም ለእኛ የሚጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው። የተሰናዳው ሰይፍ ላወረደ ሰው ነው።

እና ዛሬ በየክለቡ የምንማረውን ማን ሠራው?

አስተማሪዎች ናቸው የሠሩት። የክፍል አስተማሪዎች፣ ጠመኔ የያዙ።

ጂጎሮ ካኖ በ1860 ተወለደ። በሰውነቱ ትንሽ ነበር፤ ተማሪ ቤት ጉልበተኞች ያስቸግሩት ነበር። ራሱን ለመከላከል ጁጁትሱ ሊማር ፈለገ። በዚያን ጊዜ ጁጁትሱ የተናቀ ሙያ ነበር። አገሩ ሁሉ ወደ ባቡርና ወደ መድፍ ዞሯል፤ የድሮ ጌቶች ተማሪ አጥተዋል። ካኖ ፈልጎ አገኛቸውና ተማረ። በ1882፣ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ እያለ፣ ቶኪዮ ውስጥ ኢሾጂ በሚባል ቤተ መቅደስ አንድ ክፍል አገኘ። አሥራ ሁለት ምንጣፍ፣ ዘጠኝ ተማሪ። ስሙን ኮዶካን አለው። ጁዶ የተወለደው እዚያ ነው።

ካኖ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት የመምህራን ማሠልጠኛ ኃላፊ ነበር። ያሰበውም እንደ መምህር ነው። ልጆች በየቀኑ በሙሉ ኃይላቸው ታግለው፣ ማታ በሰላም ቤታቸው እንዲገቡ ፈለገ። አደገኛ የሆኑትን ዘዴዎች ከነጻ ፍልሚያ አወጣ። ከዚያ ሁለት መመሪያ አስቀመጠ። አንደኛው፣ ያለህን ጉልበት ለመልካም ነገር በሚገባ ተጠቀምበት ይላል። ሁለተኛው፣ አንተም ሌላውም አብራችሁ ተጠቀሙ።

ካራቴን ከኦኪናዋ ደሴት ወደ ቶኪዮ ያመጣው ጊቺን ፉናኮሺም የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበር። በ1922 መጣ። "በካራቴ መጀመሪያ የሚሰነዘር ምት የለም" የሚለው መመሪያ በሰፊው የታወቀው በእሱ ነው። ካራቴ በእጅ መንሳት ይጀምራል፣ በእጅ መንሳት ያልቃል የሚለውም እንደዚሁ።

ቴኳንዶ ደግሞ የኮሪያ ነው። ስሙ የወጣለት በ1955 ነው። ስሙን ያወጡት ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ በወጣትነታቸው ጃፓን ውስጥ ካራቴ ተምረዋል። እኛ አገር ልጆች በየክለቡ ቆመው የሚደግሟቸው አምስቱ መርሆች ከእሳቸው የመጡ ናቸው፦ ትህትና፣ ሐቀኝነት፣ ጽናት፣ ራስን መግዛትና የማይበገር መንፈስ።

ሥነ ምግባሩ በቃል ነው ወይስ በሌላ ነገር የሚገባው?

መርሆችን መሸምደድ ቀላል ነው። የስድስት ዓመት ልጅ በአንድ ሳምንት ይወጣዋል። ሥራውን የሚሠራው ግን ሰውነት ነው።

ጁዶ ለመማር የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚማረው መውደቅን ነው። መጣልን ሳይሆን መውደቅን። አገጭን ወደ ደረት መሰብሰብ፣ ምንጣፉን በክንድ መምታት፣ መንከባለል፣ መነሳት። ይህን መቶ ጊዜ፣ ሺህ ጊዜ። ካኖ ለምን ከዚህ አስጀመረ? መውደቅ የሚፈራ ሰው ሰውነቱ ድርቅ ይላል። ድርቅ ያለ ሰው ይሰበራል፤ ሌላውንም ይሰብራል። መውደቅን የለመደ ሰው ግን ዘና ይላል። ዘና ያለ ሰው ያስተውላል።

ቀጥሎ ምንጣፍ መምታት አለ። አንገትህን ይዞ የሚያንቅህ የልምምድ ጓደኛህ ነው። በቃኝ ስትል ምንጣፉን ወይም እሱን ሁለት ጊዜ መታ መታ ታደርጋለህ። ወዲያው ይለቃል። አንድ ሰከንድ አይጨምርም። ነገሩን ቆም ብሎ ላሰበው ድንቅ ነው። ሕይወትህን በእጁ ሰጥተኸዋል። እሱም የሚማረው አንተ ስለምታምነው ነው። ነገ ደግሞ ትለዋወጣላችሁ። አንድ ሰው አንድ ጊዜ ዘግይቶ ከለቀቀ ከእሱ ጋር የሚለማመድ ያጣል። ካኖ "አብራችሁ ተጠቀሙ" ያለው ነገር እዚህ ላይ ምክር መሆኑ ይቀርና አሠራር ይሆናል።

በቀርከሃ ሰይፍ በሚፋለሙበት በኬንዶ ውስጥ ደግሞ "ዛንሺን" የሚባል ነገር አለ። ልብ ከተመታው ነገር ላይ ሳይነሳ መቆየት እንደማለት ነው። መትተሃል፤ ነጥብ አግኝተሃል። ግን አልዘናጋህም፤ አልተኩራራህምም። አንድ ተወዳዳሪ ነጥብ አስቆጥሮ እጁን ወደ ላይ ወርውሮ ከጨፈረ ዳኞቹ ነጥቡን ሊሰርዙበት ይችላሉ። ለእኛ ይሄ እንግዳ ነገር ነው። በእኛ ወግ ጀግና ሲመለስ ይሸልላል፣ ይፎክራል፤ ያደረገውን ለሕዝቡ ይናገራል። ፉከራ የራሱ ትልቅ ጥበብ አለው። ኬንዶ ግን ሌላ ጥያቄ ነው የሚጠይቀው፦ ያሸነፍከው ሰው ገና ከፊትህ ቆሟል፤ አሁን ምን ዓይነት ሰው ነህ?

ኼሲንክ ያን እጅ ሲዘረጋ እያሰበ ያደረገው አይመስለኝም። ለዓመታት በየቀኑ ተጋጣሚውን እጅ ነስቶ የገባና የወጣ ሰው ነው። ደስታው በመጣ ጊዜ ልማዱ ቀደመው።

ስለ ቀበቶ ትንሽ ልበል። ብዙ ሰው ጥቁር ቀበቶን የትምህርት መጨረሻ አድርጎ ያየዋል። የጥቁር ቀበቶ የመጀመሪያው ደረጃ በጃፓንኛ "ሾዳን" ይባላል። ቃል በቃል "የመጀመሪያው ደረጃ" ነው። ፊደል ቆጥሮ ጨረሰ፣ አሁን ማንበብ ሊጀምር ነው እንደማለት።

እሺ፣ ከምንጣፉ ውጪስ?

ከዓመታት በፊት አንድ ምሽት ታክሲ ውስጥ ከረዳት ጋር በመልስ ተጣላሁ። ያኔ ካራቴ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ድምፄን መጀመሪያ ከፍ ያደረግሁት እኔ ነበርኩ። ከመቀመጫዬም የተነሳሁት እኔ ነኝ። ሰዎች ገላገሉን። በማግሥቱ ለአሠልጣኜ ነገርኩት፤ "ምንም አላደረግሁትም እኮ፣ አልነካሁትም" ብዬ። እሱ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። "ማን ጀመረ?"

"መጀመሪያ የሚሰነዘር ምት የለም" ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እጅ ከመሰንዘሩ በፊት ዓይን ይሰነዘራል። ድምፅ ይሰነዘራል። ዛሬ ደግሞ ከሁሉም በፊት አውራ ጣት ይሰነዘራል። በንዴት የተጻፈ መልእክት፣ የማያውቁትን ሰው የሚያዋርድ አስተያየት፣ ሌሊት ለቀድሞ ፍቅረኛ የተላከ ስድብ። እነዚህ ሁሉ ምቶች ናቸው። የሚያሳምሙትም ከቡጢ አያንስም።

መመሪያው ግን ተሰደብ፣ ተረገጥ አይልም። ይሄን ማጣራት ያስፈልጋል። ራስን መከላከል ሁልጊዜ አለ። የሚለው፣ የጠቡ ምንጭ አንተ እንዳትሆን ነው። አለቃህ ሰው ፊት ካዋረደህ ዝም ማለት ግዴታህ አይደለም። ግን በማግሥቱ፣ ትንፋሽህ ሲረጋጋ፣ ለብቻው "ትላንት የተናገርከኝ ልክ አልነበረም" ማለት ይቻላል። ያ ፍርሃት አይደለም። እንዲያውም እዚያው መጮህ ይቀላል።

የመውደቁ ትምህርትም ከምንጣፉ ውጪ ይሠራል። ከሥራ የተቀነሰ፣ ፈተና የወደቀ፣ ንግዱ የከሰረ ሰው አለ። በባህላችን ውድቀትን ሰው እንዳያይብን እንደብቃለን። መደበቁ ነው ሰውነትን የሚያደርቀው። ጁዶ የለመደ ሰው መውደቅ የቀኑ ሥራ አካል እንደሆነ ያውቃል። ዛሬ ብቻ ሠላሳ ጊዜ ወድቋል። እያንዳንዱን ጊዜ ተነስቶ ልብሱን አስተካክሎ ለጣለው ሰው እጅ ነስቷል። ይሄ ሐዘንን አያጠፋም። ግን "ወደቅሁ" እና "አለቀልኝ" ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ሰውነትህ ያውቀዋል።

ለእኔ ከሁሉም የከበደኝ ምንጣፍ መምታት ነው። በቃኝ ማለት። አልቻልኩም፣ እርዱኝ ማለት። በተለይ ወንዶች ላይ ይከብዳል። "ተዋጊ" የሚለውን ቃል የሚወድ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስበው እጅ የማይሰጥ ሰውን ነው። ምንጣፍ ላይ ግን በጊዜ የማይመታ ሰው ክንዱ ይወልቃል። ከዚያ ለወራት አይለማመድም። ነገ ተመልሶ የሚመጣው በጊዜ የመታው ነው።

መጥፎ ጎን የለውም?

አለው። ይህን ሳያነሱ ስለ ተዋጊ ክብር ብቻ ማውራት ተገቢ አይመስለኝም።

ካኖ ኮዶካንን በከፈተበት በዚያው በ1882፣ ጥር ላይ፣ የጃፓን ንጉሠ ነገሥት ለወታደሮች አዋጅ አውጥተው ነበር። ግዴታ ከተራራ ይከብዳል፣ ሞት ከላባ ይቀላል የሚል ቃል አለበት። ያ አዋጅ ለአሥርት ዓመታት በየጦር ሰፈሩ ተሸመደደ። በ1941 ደግሞ ወታደር በሕይወት ተማርኮ ውርደትን መቀበል የለበትም የሚል መመሪያ ተጨመረ። ብዙዎች እጅ ከመስጠት ይልቅ ራሳቸውን አጠፉ። በ1944 ወጣቶች አውሮፕላናቸውን ይዘው መርከብ ላይ እንዲከሰከሱ ተላኩ። የተማረኩ የጠላት ወታደሮችም በጭካኔ ተያዙ፤ ለምርኮኛ ክብር አልነበረምና። ይሄ ሁሉ ሲሆን የሚጠራው ስም ቡሺዶ ነበር።

ሁለት መንገድ፣ አንድ ዓመት፣ አንድ ከተማ። አንደኛው ተማሪውን መጀመሪያ መውደቅ አስተማረው፤ በቃኝ ሲል እንዲለቀቅ ደነገገለት። ሁለተኛው በቃኝ ማለትን ከለከለ። ሁለቱም ስለ ድፍረትና ስለ ታማኝነት ያወራሉ። ቃላቸውን ብቻ የሰማ ሰው ሊለያቸው አይችልም። ካኖ የሁለተኛውን መንገድ መጨረሻ አላየም። በ1938 ከካይሮው የኦሊምፒክ ኮሚቴ ስብሰባ ወደ አገሩ ሲመለስ መርከብ ላይ አረፈ። ጃፓን ከተሸነፈች በኋላ ማርሻል አርት ከትምህርት ቤቶች ታገደ። የተመለሰው ከዓመታት በኋላ ነው።

ዛሬም ቢሆን አደጋው አልጠፋም። በ2013 አሥራ አምስት የጃፓን ብሔራዊ ቡድን ሴት ጁዶ ተወዳዳሪዎች አሠልጣኞቻቸው እንደሚመቷቸው በይፋ አቤት አሉ። ዋናው አሠልጣኝ ሥራውን ለቀቀ፤ በዚያው ዓመት የፌዴሬሽኑ አመራሮችም ወረዱ። ይሄ የሆነው ካኖ ራሱ ጁዶን በጀመረበት አገር ነው። ለእኔ በዚያ ታሪክ ውስጥ የተዋጊ ሥነ ምግባር የነበራቸው እነዚያ አሥራ አምስቱ ናቸው።

ታዲያ ልጅን ማስመዝገብ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?

በ1986 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ትንሽ ጥናት አለ። ከሕግ ጋር የተጋጩ 34 ታዳጊዎችን በሦስት ቡድን ከፍሎ ለስድስት ወር ተከታተለ። አንደኛው ቡድን ቴኳንዶን ከነእጅ መንሳቱ፣ ከነጸጥታውና ከነመርሆቹ ተማረ። ሁለተኛው ምትና ፍልሚያውን ብቻ። ሦስተኛው ሌላ የአካል እንቅስቃሴ ሠራ። የመጀመሪያዎቹ ጠበኝነታቸው ቀነሰ። ምቱን ብቻ የተማሩት ግን ባሰባቸው። ሰዎቹ ጥቂት ናቸው፤ በአንድ ጥናት ሁሉን መደምደም አይቻልም። ግን ማንኛውም ልምድ ያለው አሠልጣኝ የሚላችሁን ነው የሚለው። ዋናው ነገር ማን እንዴት ያስተምራል የሚለው ነው።

ስለዚህ ለወላጅ የምለው ይሄን ነው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አታንብቡ። ሁሉም ክለብ ጥሩ ቃል ለጥፏል። ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ሁለት ቀን ቁጭ ብላችሁ ልምምዱን እዩ። ጥሩ አሠልጣኝ ይህን አይከለክልም። ከከለከለ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ጥቁር ቀበቶ ያለው ልጅ ከጀማሪው ጋር ሲፋለም ተመልከቱት። ጉልበቱን ይመጥናል ወይስ ያሳየዋል? አንድ ልጅ ሲያለቅስ አሠልጣኙ ምን ይላል? "ወንድ አያለቅስም" ብሎ ያልፋል ወይስ ጎንበስ ብሎ የት እንዳመመው ይጠይቃል? ልጅ "በቃኝ" ሲል ወዲያው ይቆማል? አሠልጣኙ ራሱ ሲሳሳት "ተሳሳትኩ" ይላል? ሴት ልጆችስ እንደ ወንዶቹ እኩል ይፋለማሉ ወይስ ጥግ ይዘው እጅ ብቻ ይሠራሉ?

ልምምዱ ካለቀ በኋላም ትንሽ ቆዩ። በጃፓን ደንብ ወለሉን ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው የሚያጸዱት። አንዳንድ የእኛ ክለቦችም ይህን ወግ ይዘውታል። መወልወያውን ማን እንደሚያነሳ እዩ። ሁልጊዜ ትንሹ ልጅ ብቻ ከሆነ፣ ትልልቆቹም ቆመው የሚያዙ ከሆነ፣ ሌላ ክለብ ፈልጉ። ባለ ጥቁር ቀበቶው ጎንበስ ብሎ ከነጭ ቀበቶው ልጅ ጋር ጎን ለጎን የሚወለውል ከሆነ ግን ልጃችሁን እዚያ አስመዝግቡት።